የጋማ ከብት ሐኪም፤ ሥራውና የወደፊት ዕጣው

በእነዚህ የኤክስቴንሽን ጽሑፎች አዘውትሮ የሚነገረው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረም መከላከልና ስለ ጎተራ አያያዝ ነው። ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ እህል በራሱ እግር ወደ ገበያ አይሄድም። ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ በምርቱ ከፍተኛነት በገበሬው ዘንድ ተወዶ ተስፋፍቷል። ነገር ግን ዘሩ ወደ ማሳው የሄደው፣ ምርቱም ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራም ወደ መኪና መንገድ የወጣው በአብዛኛው በአህያ ጀርባ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሰብል ባለሙያ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለም። ሆኖም የሰብል ባለሙያ ድካም መጨረሻው የት እንደሚደርስ ማየት የፈለገ ሰው መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር ሄዶ ማለዳ ቢቆም ከብዙ ሪፖርት የበለጠ ይማራል።

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ፣ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደዚህ እንዲዛወር ከተደረገ ወዲህ የአገሪቱ እህልና ሸቀጥ ዋና መገናኛ ሆኖ ኖሯል። ከአንዋር መስጊድ የንጋቱ አዛን ከተሰማ በኋላ፣ ጎረቤቱ ከሆነው ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም የቅዳሴው ዜማ ሳያባራ፣ ጭነት መራገፍ ይጀምራል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን እህል የጭነት መኪና እስከ እህል በረንዳ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ጠባብ ነው፤ ሰው፣ ድንኳን፣ ተሸካሚና ሸቀጥ ሞልቶበታል። መኪና ሊገባበት በማይችለው ቦታ አህያ ትገባለች። እህሉን ወደ ወፍጮ ቤት፣ ዱቄቱን ወደ ሱቅ፣ ባዶውን ጆንያ ወደ ነጋዴው የምትመልሰው እርሷ ናት። አንዳንዶቹ አህዮች ከከተማው ዳርቻ ጭነት ይዘው ሌሊቱን ተጉዘው የሚደርሱ ናቸው። ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ቦታቸውን እየተሻማ ቢሄድም፣ የመርካቶ ሥራ ያለ አህያ ይከናወን ነበር ብሎ የሚከራከር ነባር ነጋዴ የሚገኝ አይመስለንም።

ቁጥሩን እንመልከት። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ መሆኗ የታወቀ ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ባደረጋቸው የቅርብ ዓመታት የናሙና ጥናቶች መሠረት ከ10 ሚሊዮን በላይ አህዮች፣ 2 ሚሊዮን ያህል ፈረሶችና ከ300 ሺህ በላይ በቅሎዎች ይገኛሉ። ከአህያ ጋር ያለን ዝምድናም የቆየ ነው። የአህያ ዝርያ የተገኘው ከአፍሪካ የዱር አህያ ሲሆን፣ የዘር ምንነትን በመመርመር እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ለማዳ የሆነችው ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ አመልክቷል። የዱር ዘመዷ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት አራዊት አንዱ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ በአፋር በረሃ ይገኛሉ።

ይህን ሁሉ ሀብት የሚያክም ማን ነው? የጋማ ከብት የሚባሉት ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ናቸው። በእነርሱ ሕክምና ላይ ብቻ የሚሠራ ሐኪም ግን በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የሂሳቡን መሠረት ማየት ያስፈልጋል። በሬ ሲያረጅ ሥጋው ይሸጣል፤ ቆዳውም ዋጋ አለው። ላም ወተት ትሰጣለች። ስለዚህ መንግሥትም ባለሀብትም ለከብት ክትባትና መድኃኒት ገንዘብ ቢያወጣ ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። አህያ ግን በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ሕግ ሥጋዋ አይበላም። የምትሰጠው ጉልበት ብቻ ነው፤ ጉልበቷ ያለቀ ዕለት ዋጋዋም ያልቃል። ከዚህ የተነሣ በበጀት ላይ ስሟ ወደ መጨረሻ ይገፋል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ ስለ ጭነቱ ዋጋና ስለ ገበያው ብዙ ሲመከር ጭነቱን የምትሸከመው ተረስታ ትቀራለች።

ሆኖም ከሌላ ወገን ሲታሰብ ነገሩ ይገለበጣል። ሥጋዋ ስለማይሸጥ፣ ለባለቤቱ የሚያዋጣው ብቸኛ መንገድ በጤና ረጅም ዕድሜ ሠርታ እንድትኖር ማድረግ ነው። አንዲት አህያ አንድ ሳምንት ሥራ ስትፈታ በመርካቶ የሚጎድለው የአንድ ቤተሰብ የሳምንት ቀለብ ነው። በገጠር ደግሞ አህያዋ ስትወድቅ ውኃው፣ ማገዶውና የወፍጮው እህል የሚዞረው ወደ ሴቲቱ ጀርባ ነው። የእንጦጦን ቁልቁለት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ተጨማሪ ቃል አያስፈልገውም።

የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በዓለም ሲጀመር ፈረስ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ብዙዎች አያስተውሉትም። የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1761 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ሲመሠረት፣ መሥራቹ ክሎድ ቡርዥላ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ፈረስ የጦር ኃይልም፣ የመጓጓዣም፣ የእርሻም ሞተር ስለነበረ የእንስሳት ሐኪም ሲባል በአብዛኛው የፈረስ ሐኪም ማለት ነበር። በእኛም አገር የፈረስ ክብር ትንሽ አልነበረም። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻም አባ ነፍሶ። የፈረስ ስም ሲኖር የአህያ ስም አለመኖሩ ግን ይገርማል። የጦር ሠራዊቱን ስንቅ ከሚያጓጉዙት አንዷ አህያ መሆኗን ታሪክ ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል።

ዘመናዊው የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት በአገራችን የተስፋፋው ግን በፈረስ ሳይሆን በከብት በሽታ ምክንያት ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የነበረው ክፉ ቀን መነሻው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን መጨረሱ ስለነበር፣ በኋላ የተቋቋመው አገልግሎት ይህንኑ በሽታ ዋና ጠላቱ አድርጎ ኖሯል። በደብረ ዘይት የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ የክትባት መድኃኒት ሲያመርት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ ለሙያው ትልቅ ድል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲውን እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት ከፈተ። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ ዲግሪ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ዛሬ ጎንደር፣ ሐሮማያ፣ መቀሌ፣ ጅማና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የእንስሳት ሐኪሞችን ያስመርቃሉ።

ለአህያ ተብሎ የተጀመረ ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዶክተር ኤሊዛቤት ስቬንድሰን የተባሉ እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1969 በአገራቸው በዴቨን የመሠረቱት የአህዮች መጠለያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ከደብረ ዘይቱ ፋኩልቲ ጋር ተባብሮ በኢትዮጵያ መሥራት ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የውስጥ ጥገኛ ትልን የሚመለከት ጥናትና ሕክምና ነበር። ሥራውን ለብዙ ዓመታት ከመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል የፋኩልቲው መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ፍስሐ ገብረአብ ይገኙበታል። ይኸው ድርጅት በመርካቶ አካባቢም ነጻ የአህያ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1934 በካይሮ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተረፉ የጦር ፈረሶችን ለመርዳት የተመሠረተው ብሩክ የተባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአገራችን ሠርቷል። ለሙያው ለመግባት ለሚያስብ ወጣት ይህ ታሪክ አንድ ነገር ያስታውቀዋል፤ በኢትዮጵያ የጋማ ከብት ሐኪም ደመወዝ በአብዛኛው የመጣው ከባለቤቱ ኪስ ሳይሆን ከበጎ አድራጎት ገንዘብ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሐኪሙ በመርካቶ አካባቢ ማለዳ ሥራ ሲጀምር በብዛት የሚያየው ሥም ያለው ትልቅ በሽታ አይደለም። ቁስል ነው። ጀርባዋ የተገጠበ፣ ደረቷ የተፋቀ፣ ከጭራዋ ሥር በናይለን ገመድ የተቆረጠ፣ እግሯ በእግር ብረት የተላጠ አህያ ነው የሚመጣለት። አገራችን ውስጥ የምትገኝ አንዲት አህያ የሰውነት ክብደቷ በአብዛኛው ከ100 እስከ 130 ኪሎ ገደማ ነው። ባለሙያዎች በጀርባዋ የምትሸከመው ከክብደቷ ሲሶ ባይበልጥ ይመርጣሉ፤ ይኸውም 40 ኪሎ ያህል ማለት ነው። አንድ ሙሉ ኩንታል ተጭኖባት ማየት ግን ብርቅ አይደለም። ይህን ለባለ አህያው መንገር ለሐኪሙ ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ክፍል ነው። የነጂው ክፍያ በኩንታል የሚታሰብ ሲሆን፣ «ግማሽ ጫን» ማለት «ገቢህን በግማሽ ቀንስ» ማለት መስሎ ይሰማዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም ንግግሩን ከክብደቱ አይጀምርም፤ ከምንጣፉ ይጀምራል።

ስለ ምንጣፉ ትንሽ እናብራራ፤ በዚህ ቦታ የእኛም ሙያ እጁ አለበት። ገበሬው ዩሪያና ዳፕ ገዝቶ ባዶውን ከረጢት አይጥልም። ሕዝቡ ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብሎ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እህል ይቋጠርበታል፣ ጣሪያ ይሸፈንበታል፣ ታጥፎም በአህያ ጀርባ ላይ ከጭነት ሥር ይነጠፋል። ማዳበሪያው ፕላስቲክ ስለሆነ ላብ አይመጥም፤ ይንሸራተታል፤ ፀጉሩን ይፍቃል፤ በሁለተኛው ቀን ቆዳው ይላጣል። የሚሻለው ላብ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ ወይም የቃጫ ጆንያ ነው። ሁለት ትራሶች ተሰፍተው በገለባ ይሞሉና አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ጎን ያርፋሉ። በመካከላቸው በጀርባ አጥንቷ ላይ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል፤ ጭነቱም በጎድኖቿ ላይ ያርፋል እንጂ አጥንቱ ላይ አይወርድም። ትራሱ ማታ ማታ ፀሐይ እንዳገኘ ሆኖ መድረቅ፣ ገለባውም ሲጨፈለቅ መለወጥ አለበት። ይህ ሁሉ የሚያስወጣው ገንዘብ ከአንድ ጊዜ ሕክምና ያነሰ ነው።

ገጠባው ከደረሰ በኋላስ? ብዙ ባለ አህዮች የባትሪ አሲድ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም የጋለ ብረት ይጠቀማሉ። ሁሉም ጎጂ ናቸው፤ ሊድን የነበረውን ሥጋ ይገድላሉ። በአንድ ሊትር ፈልቶ በበረደ ውኃ ውስጥ ሞላ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይጠቡት። ከዚያም ጭነት ያሳርፏት። ጨዉ ቀላል ነው፤ ማሳረፉ ነው የሚከብደው። ሁለት አህያ ያለው ሰው አንዷን ማሳረፍ ይችላል፤ አንድ ብቻ ያለው ግን ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ጋሪ ማስጎተት ወይም ጭነቱ ቁስሉን እንዳይነካ አድርጎ ማቃለል ይሞክር ይሆናል። ሐኪሙ ይህን ሳያገናዝብ «ለሦስት ሳምንት አታሠራት» ብሎ ቢያሰናብተው ሰውየው በማግሥቱ ጭኖ ይሄዳል፤ ወደ ክሊኒኩም አይመለስም።

በአንዋር መስጊድ ሰፈርና ከዚያ በታች ባሉት ተራዎች ሌላ ልዩ አደጋ አለ። ምን አለሽ ተራን ያየ ሰው እንደሚያውቀው መሬቱ በአሮጌ ብረት፣ በምስማርና በቆርቆሮ ቁራጭ የተሞላ ነው። ምስማር ሰኮና ውስጥ ሲገባ ቁስሉ ከላይ ይደፈናል፤ ውስጡ ግን አየር ስለማያገኝ መንጋጋ ቆልፍ ለተባለው በሽታ ምቹ ይሆናል። የጋማ ከብት ደግሞ ለዚህ በሽታ ከሌሎች የቤት እንስሳት ሁሉ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ማታ ማታ አራቱንም ሰኮና አንስቶ ማየትና ማጽዳት የመርካቶ ባለ አህያ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ሌላው ፌስታል ነው። አህያዋ በገበያ መካከል ስትቆም የምትበላው ሣር የለም። የተጣለ አትክልት፣ ልጣጭ፣ ከነመጠቅለያው የተወረወረ ምግብ ነው የምታገኘው። ፌስታሉና ሲባጎው በአንጀቷ ውስጥ ይጠራቀምና ይዘጋዋል። ይህን ዓይነት የሆድ ቁርጠት በመድኃኒት መፍታት አንዳንድ ጊዜ ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የረፈደ ነው። የሆድ ቀዶ ሕክምና በመንገድ ዳር አይደረግም። ጭድና ፉርሽካ በከረጢት ይዞ ወጥቶ በእረፍት ሰዓት አንገቷ ላይ ማንጠልጠል ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የሐኪሙ ዕውቀት በይበልጥ የሚፈተነው ግን አህያ ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ በመሆኗ ነው። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፣ ይራገጣል። አህያ ዝም ብላ ትቆማለች። ጆሮዋ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ መኖ ትተዋለች፤ ይኸው ነው ምልክቱ። አንድ ቀን ሳትበላ ከዋለች በሰውነቷ የተከማቸው ስብ ወደ ደሟ እየቀለጠ ይገባና ጉበቷን ይጎዳል፤ ከመጀመሪያው ሕመም ይልቅ ይህ ሊገድላት ይችላል። አህያ ትንሽ ፈረስ አይደለችም። የጤነኛ አህያ የሙቀት መጠን በአማካይ 37.1 ዲግሪ ሲሆን ከፈረስ ዝቅ ይላል፤ የልብ ምቷ በደቂቃ 44 ያህል፣ አተነፋፈሷም 20 ያህል ነው። ሕመም ማስታገሻ ሆኖ ለፈረስ የሚሰጠውን ፌኒልቡታዞን የተባለ መድኃኒት ሰውነቷ ከፈረስ ይልቅ ቶሎ ያስወግደዋል። በፈረሱ ሰዓት የሰጠ ሰው አህያዋን ያለ መድኃኒት ትቷታል ማለት ነው። በገበያ ዳር ምንነቱ ያልታወቀ መርፌ ከሚወጋ ሰው የተማረ ሐኪም የሚለየው በእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ስለ ፈረስና በቅሎ ደግሞ በአጭሩ እንናገር። በአየር ላይ በሚበርሩ ጥቃቅን ትንኞች የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ከታመሙት ፈረሶች ከመቶ 90 ያህሉን ሊገድል ይችላል፤ ከበቅሎዎች ግማሽ ያህሉን፤ አህያን ግን ብዙም አያስጨንቃትም። መድኃኒት የለውም፤ በደብረ ዘይት የሚመረት ክትባት ግን አለ። በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየውና በሻጋታ የሚመጣው፣ በእግርና በአንገት ላይ እብጠት እየተከታተለ የሚፈነዳው ሊምፋንጃይተስ የተባለው በሽታ ሌላው መከራ ነው። ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአገራችን ጥናት ከአምስት ፈረስ አንዱ ገደማ በዚህ በሽታ መያዙን አሳይቷል። በሞቃትና እርጥበት ባለው አገር ይበረታል፤ በብርዳማው ደጋ ይቀንሳል። የሚገባው በቁስል በኩል ነው። የአንዱን ፈረስ ማነቆና ልጓም ለሌላው ማዋስ፣ ቁስል ሳይሸፈን ዝንብ እንዲያርፍበት መተው በሽታውን ከፈረስ ወደ ፈረስ ያሻግረዋል። ሲጀምር ከታከመ ተስፋ አለው፤ ሰውነቱን ካዳረሰ በኋላ ግን ባለ ጋሪው ፈረሱን መንገድ ላይ ይለቀዋል፤ ቀሪውን ጅብ ይጨርሰዋል።

ይህ መልቀቅ የሚባለው ነገር ለሐኪሙ ኅሊና ከባድ ፈተና ነው። እግሯ የተሰበረ ወይም ልትድን የማትችል አህያ ስትመጣለት ያለ ሥቃይ እንድትሞት የሚያደርግ መርፌ መስጠት የሙያው ሥርዓት ይፈቅድለታል። ባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሺ አይልም። ለብዙ ዓመት ያበላችውን እንስሳ በእጁ ማስገደል ይከብደዋል፤ በሃይማኖቱም ሆነ በልማዱ ነውር መስሎ ይታየዋል። ከከተማው ዳር ወስዶ መተው ይቀለዋል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የተባለው ሌሊቱን እዚያ የሚሆነውን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሐኪሙ ለዚህ ጉዳይ የሚያጠፋው የንግግር ጊዜ ከሕክምናው ጊዜ የማያንስ ዋጋ አለው። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በቆሙበት ሰፈር ከሽማግሌዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር መመካከር ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ያዋጣዋል።

ከአሥር ዓመት ወዲህ አዲስ ነገር መጥቷል። ለሞተች አህያ ዋጋ የሚሰጥ ገበያ ተፈጥሯል። በቻይና አገር ከአህያ ቆዳ የሚቀቀል ኢጂያዎ የሚባል ባህላዊ መድኃኒት ፍላጎቱ ስለጨመረ፣ የቆዳ ነጋዴዎች ወደ አፍሪካ ዞሩ። በቢሾፍቱ የተቋቋመ አንድ የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ምክንያት በ2009 ዓ.ም. በከተማው አስተዳደር እንዲዘጋ ተደርጓል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወስነዋል። ውሳኔውን በሥራ ላይ ማዋል የየአገሩ ፈንታ ነው። ሥነ ሕይወቱን ለሚያውቅ ሰው ጉዳዩ ግልጽ ነው፤ አህያ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ብቻ ነው። ውርንጭላው ጭነት እስኪችል ሌሎች ዓመታት ይወስዳል። እንደ ዶሮ ወይም እንደ አሳማ በፍጥነት ተራብቶ የሚተካ ሀብት አይደለም። አህያው በቄራ ዋጋ ሲሸጥ የሚወደደው የገዢው ዋጋ ነው፤ ገዢውም ገበሬውና የመርካቶው ነጂ ናቸው።

እንግዲህ ለዚህ ሙያ የወደፊት ዕጣው ምንድን ነው? በዩኒቨርሲቲ አምስትና ስድስት ዓመት ተምሮ የወጣ ወጣት ሐኪም በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በቄራ የሥጋ ምርመራ፣ በዶሮና በወተት ድርጅቶች፣ በመድኃኒት አስመጪዎች ዘንድ ሥራ ሊያገኝ ይችላል። በጋማ ከብት ላይ ብቻ ተሰማርቶ በግል ክሊኒክ መኖር ዛሬ አያዋጣም። ነጻ ሕክምና ለድኻው በጎ ነው፤ ግን አንድ ጎን ጉዳት አለው። ለዓመታት በነጻ የለመደ ሰው በኋላ ትንሽ ክፈል ሲባል ይከፋዋል፤ የርዳታው ገንዘብ የቆመ ዕለት ደግሞ ነጻውም የሚከፈልበትም አይኖርም። አነስተኛ ቢሆንም ክፍያ መልመድ፣ ነጂዎችም በማኅበር ተደራጅተው በየወሩ ጥቂት እያዋጡ አንድ ሐኪም ወይም አንድ የጤና ረዳት መቅጠር ቢሞክሩ ይሻላል ብለን እናምናለን። የዕድር ልማድ ባለበት አገር ይህ እንግዳ አሳብ አይሆንም።

በከተማ የአህያና የጋሪ ቁጥር ይቀንስ ይሆናል፤ አስፋልቱና ሞተሩ የሚሄዱበት አቅጣጫ ይህን ያመለክታል። በገጠር ግን የነዳጅ ዋጋና የመንገዱ አለመኖር ሲታሰብ በአንድ ትውልድ ዘመን የሚለወጥ አይመስልም። ስለዚህ የጋማ ከብት ትምህርት በእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች ውስጥ የጥቂት ሰዓት ኮርስ ሆኖ እንዳይቀር፣ ወደ ወረዳ የሚላከው ወጣት ሐኪም ሁሉ የአህያን መድኃኒት መጠን፣ የሰኮናና የጥርስ እንክብካቤ፣ የጭነት ምንጣፍ አሠራር አውቆ እንዲሄድ ማድረግ ያስፈልጋል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛውም ቢሆን ስለ ማዳበሪያ ሲያስተምር ባዶው ከረጢት በአህያ ጀርባ ላይ እንዳይነጠፍ ጨምሮ ቢናገር ተጨማሪ ጊዜ አይወስድበትም።

አህያዎን ወይም ፈረስዎን ወደ ክሊኒክ ሲወስዱ ሐኪሙ የሚጠይቅዎትን አስቀድመው ያስቡበት። መኖ መተው የጀመረችው መቼ ነው? ፋንድያዋ መጨረሻ የታየው መቼ ነበር፤ ደረቅ ነው ወይስ ፈሳሽ? ትናንት የት ነበረች፤ ምን ተጫነች፤ ምን ያህል መንገድ ሄደች? ማንም ሰው መርፌ ወግቷት ከሆነ አይደብቁ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወይም ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። ቁስሏ ላይ አሲድም ሆነ ዘይት አፍስሰው ከሆነ ይንገሩት፤ ሐኪሙ ሊቆጣ ይችላል፤ ነገር ግን የሚሰጠው መድኃኒት በዚያው ይለያያል። የምትሠራበትን ኮርቻና ምንጣፍ አብረው ይውሰዱ፤ ቁስሉ ከየት እንደመጣ ከቁስሉ ይልቅ ምንጣፉ ይናገራል። ከተቻለም ማለዳ፣ ከመጫንዎ በፊት ይሂዱ።